«እንቅልፍ እምቢ አለኝ»

ከደባርቅ በሌሊት የተነሣ ሚኒባስ ዳባትን፣ አምባ ጊዮርጊስንና ኮሶዬን አልፎ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎንደር ሲገባ ገና ማለዳ ነው። ከተሳፋሪው መካከል ለገበያ የመጣ አለ፤ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ የመጣ አለ፤ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ግራና ቀኝ በዘመድ ተደግፎ የመጣም አለ። የዚህኛውን መውረጃ ረዳቱ ሳይጠይቅ ያውቀዋል።

ወሩ ኅዳር ነው እንበል። በአእምሮ ሕክምና ክፍል ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ ሦስት ሰዎችን እናስቀምጥ። ሦስቱም የምናብ ሰዎች ናቸው፤ ስም ያልሰጠኋቸውም ለዚህ ነው። ግን ከባዶ አልተፈጠሩም፤ በዚህ አገር ደጋግሞ ከሚያጋጥም ታሪክ ተለቃቅመው የተሰፉ ናቸው። አንደኛዋ ከደጋ የመጡ፣ ዕድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ እናት ናቸው። ሁለተኛው ሁለት ጓደኞቹ ክንዱን ይዘው ያመጡት የአብነት ተማሪ ነው። ሦስተኛው ከመተማ የሰሊጥ አጨዳ የተመለሰ፣ ወንድሙ ከኋላው የማይለየው ጎልማሳ። ሦስቱም ስለ አንድ ነገር ነው የመጡት፦ እንቅልፍ የለም።

ሳል ይዞት የመጣ ሰው ደረቱ በራጅ ይታያል፤ አክታው ይመረመራል። ወባ የያዘው ደሙ ማይክሮስኮፕ ሥር ገብቶ ጥገኛውን ያሳያል። ስኪዞፍሬኒያን ወይም ድባቴን ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራ ግን እስከ ዛሬ የለም። እዚህ ክፍል ውስጥ ያለው ማስረጃ የታማሚው ቃል፣ የቤተሰቡ ቃልና የመርማሪው ዓይን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ምልክት እንደ ምስክር ነው የሚቆጠረው። ሙግት የሚያውቅ የአማራ ገበሬ ደግሞ አንድ ምስክር ይዞ ችሎት እንደማይቀርብ ማንም አይነግረውም። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» የሚለው ቃል ብቻውን በየትኛውም በሽታ ላይ ሊመሰክር ይችላል። ቁም ነገሩ ከማን ጋር እንደመጣ፣ መቼ እንደጀመረና በምን ቅደም ተከተል እንደተከተለ ነው።

ከተማሪው እንጀምር፤ የሱ ጉዳይ ቀጠሮ አይጠብቅም።

ሁለት ሌሊት አልተኛም። ጓደኞቹ «መንፈስ ነው» ይላሉ። አየሩ ላይ የሌለ ክር ይለቅማል፤ ጋቢው ላይ የሌለ ጉንዳን ያራግፋል፤ ግድግዳው ጥግ ከቆመ ሰው ጋር ይነጋገራል፤ ጥጉ ላይ ማንም የለም። ችኩል ሰው «የሌለ ያያል፣ የሌለ ይሰማል» ብሎ በአእምሮ በሽታ ሊፈርድበት ይችላል። ጥንቃቄ ያለው መርማሪ ግን መጀመሪያ ፊቱን ያየዋል። የዓይኑ ብሌን ብርሃን እየበራበት እንኳ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቆዳው ይፋጃል፤ ላብ ግን የለም። ምላሱ ደርቆ ከላንቃው ተጣብቋል፤ ልቡ ይጋልባል። አንድ ሰዓት ጓደኞቹን ያውቃቸዋል፤ በሚቀጥለው ሰዓት ያለበትን ቦታ አያውቅም።

እነዚህ አምስት ስድስት ምልክቶች አንድ ላይ ሲቆሙ የሚናገሩት ስለ አንድ ተክል ነው። በየመንገዱ ዳርና በየፍራሹ የሚበቅለው፣ ነጭ መለከት የመሰለ አበባ ያለው አስተናግር። በአብነት ትምህርት ቤቶች አካባቢ ፍሬው «አብሾ» በሚባለው መጠጥ ውስጥ ይገባል፤ አእምሮ ይከፍታል፣ የሰሙትን አያስረሳም ተብሎ ይታመናል። አንዴ አብሾ የጠጣ ሰው ኋላ አረቄ ሲቀምስ ያብዳል የሚባለውን የማያውቅ የጎንደርና የጎጃም ሰው የለም፤ በጠላ ቤት የሚረብሽ ሰው ሲታይ «አብሾ አለበት» ይባላል። ይህኛውን የኋላ ክፍል ሳይንሱ አላረጋገጠውም። የፊተኛው ግን ግልጽ ነው፤ ተክሉ ውስጥ ያሉት እንደ አትሮፒን ያሉ ንጥረ ነገሮች አእምሮን ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ያናውጣሉ። ለእብደት ተብለው ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ እንዲያውም ነገሩን ያባብሱታል። ይህ ልጅ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚገባው። ተክሉን የሰየመው ጥንታዊ ሰው «አስተናግር» ሲለው ምልክቱን በአንድ ቃል ጽፎታል፦ ያናግራል።

ከዚህ የሚወጣ አንድ የሙያው ሕግ አለ፤ ከሁሉ በፊት ይመጣል። የሌለ ነገር በዓይን ማየት፣ በተለይ ንቃት ከፍ ዝቅ እያለ ሲሆን፣ ከአእምሮ ሕመም ይልቅ ሰውነት ውስጥ ያለ ችግርን ይጠቁማል። ትኩሳት፣ ወባ ወደ አንጎል መውጣቱ፣ ታይፎይድ፣ አረቄ በድንገት መተው፣ መመረዝ። በስኪዞፍሬኒያ ይበልጥ የሚታወቀው በጆሮ መስማት ነው፤ ሰውየው ድምፁን እየሰማም ቢሆን ቀኑንና ቦታውን አይስትም።

ቀን ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ምርመራ ላይ «ዛሬ ስንት ቀን ነው?» የሚለው ጥያቄ የግድ ነው። የደጋ ሰው በቁጥር አይመልስም፤ «ነገ ኅዳር ሚካኤል ነው» ይላል። ኅዳር 11 መሆኑን ከዚህ በላይ በትክክል መናገር የሚቻል አይመስለኝም። ከውጭ የመጡ መጠይቆች ቃል ከኋላ ወደ ፊት በፊደል እንዲነገር ያዝዛሉ፤ ፊደል ላልቆጠረ ገበሬ ይህ የትኩረት ፈተና ሊሆን አይችልም። ሳምንቱን ከእሑድ ወደ ሰኞ መልሶ እንዲቆጥር ማድረግ ያንኑ ይለካል።

ወደ አግዳሚው እንመለስ። ከመተማ የተመለሰው ጎልማሳ ደሙ ታይቷል፤ ከቆላ የመጣ ሰው ሲቀባጥር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ንዳድ ነውና። ወባ የለበትም፤ ትኩሳትም የለውም። አምስት ሌሊት አልተኛም። እናቲቱ ግን «እንቅልፍ አጣሁ» ሲሉ፣ እሱ «እንቅልፍ ምን ያደርግልኛል?» ነው የሚለው። አልደከመውም። የሰሊጥ ደመወዙን ለማያውቃቸው ሰዎች አከፋፍሏል፤ ቤተ ክርስቲያን ሊያሠራ ነው፤ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ሦስተኛው ላይ ነው። ወንድሙን ስለ ድሮው ብትጠይቁት፣ ከሁለት ዓመት በፊት ክረምቱን በሙሉ ከመደብ ሳይነሣ እንደከረመ ያስታውሳል። «ያኔ መጋኛ መትቶት ነበር» ይላል። ሁለቱ ነገር የአንድ በሽታ ሁለት ፊት መሆኑ ለወንድሙ ፈጽሞ አልታየውም፤ ሐኪሙም የመደቡን ክረምት ካልጠየቀ አይታየውም። ባይፖላር የሚባለው ሕመም ይህ ነው። በዚያ ክረምት ሕክምና ቢመጣና የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ቢሰጠው ኖሮ፣ ወደዚህ ግለት ሊገፋው ይችል ነበር። ጊዜ ራሱ ምስክር ነው የምንለው ለዚህ ነው።

በአማርኛ ሰው ማበዱ የሚታወቀው ጨርቁን ሲጥል ነው። «ጨርቁን ጣለ» ካልን ሌላ ማብራሪያ አያሻም። ከዚያ በመለስ «ወፈፍ ያደርገዋል»፣ «ለቀቅ ያደርገዋል»፣ «ነካ አርጎታል» አሉ። ቋንቋችን ለሚጮኸው ሕመም ቃል ሞልቶታል። ዝም ብሎ ለሚሟሟው ግን «ሆዱ ባባ»፣ «ከፋው»፣ «ተከዘ» ከማለት ያለፈ የለውም፤ እነዚህም የበሽታ ስም ሳይሆኑ የኑሮ ስም ናቸው። «ድባቴ» የሚለው ቃል ለዚህ ሕመም የተሰጠው በቅርብ ነው።

ይህ የቋንቋ ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ ጥናት አለ። ዶክተር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር ታዋቂ የአካባቢ ሰዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሕዝቡ የአእምሮ ሕመም ብሎ የሚለያቸው ምልክቶች በዋናነት ሦስት ነበሩ፦ ብዙ መናገር፣ ጠበኝነትና እንግዳ ጠባይ። ቀጥሎ በዚያው ቡታጅራ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ሲጣሩ፣ ከመጠይቁ ጎን የመንደር ጠቋሚዎችም ተጨምረው ነበር። ጠቋሚዎቹ ስኪዞፍሬኒያ ያለበትን ሰው በደንብ ለዩ፤ የስሜት ሕመም ያለበትን ለመለየት ግን መጠይቁ ይበልጣቸው ነበር። መንደሩ ዓይን አለው፤ የሚያየው ግን የሚንቀሳቀሰውን ነው።

መንገዱም የራሱን ማጣሪያ ሲሠራ ኖሯል። አማኑኤል ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቋቋመ በኋላ ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ከጎንደር ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ያን ሁሉ መንገድ ታስሮ የሚሄደው ማን ነው? ጎጆ ያቃጠለ፣ ሰው የፈነከተ። ምድጃ ጥግ ተቀምጣ ሁለት ዓመት ያልሳቀችን ሴት አውቶቡስ የሚያሳፍራት አልነበረም። ጎንደር ራሷ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከፍታ የጤና መኮንኖችንና የማኅበረሰብ ነርሶችን ታሠለጥን የነበረ ቢሆንም፣ የአእምሮ ሕክምና ወደ ክፍለ ሀገር መውረድ የጀመረው አማኑኤል ውስጥ የሠለጠኑ የሳይካትሪ ነርሶች ሲላኩ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማብቂያ ገደማ ነው። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የራሱ የሳይካትሪ ክፍል አለው።

ከዚያ በፊት በጎንደር ሕመምን በምልክት የሚለይ አልነበረም ማለት ግን ስሕተት ነው። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ከዳካር–ጅቡቲ ጉዞ ጋር ጎንደር መጥቶ ወራት ሲቆይ፣ ቀንና ሌሊት የዋለበት ቤት የመልካም አያሁ የዛር ቤት ነበር። ሴትየዋ በከተማው የታወቁ ባለዛር ነበሩ። የታመመ ሰው ሲመጣ «ምን ሆንህ?» ብሎ ማቆም የለም፤ ዛሩ ራሱ ይጠየቃል። ስምህ ማን ነው? ከየት መጣህ? ለምን ያዝኸው? ምን ትፈልጋለህ? እያንዳንዱ ዛር የራሱ ጉርሪ፣ የራሱ ልብስ፣ የራሱ መሥዋዕት አለውና መልሱ ሕክምናውን ይወስናል። ታማሚውም ከዚያ ወዲያ የዛሩ ፈረስ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ እዚያው ጎንደር የተቀመጠው አሜሪካዊው የሰብእ ጥናት ሊቅ ሳይመን ሜሲንግ እ.ኤ.አ. በ1958 ስለዚሁ ሲጽፍ፣ ወደ ባለዛር የሚያስኬዱ ምልክቶችን ዘርዝሯል፦ መካንነት፣ መንፈራገጥ፣ አደጋ እየደጋገመ ማግኘቱ፣ ድንዛዜ።

ልብ በሉ፤ ድንዛዜ በዝርዝሩ ውስጥ አለ። አማኑኤል የማይወሰደው ዝምተኛ ሕመም የዛር ቤት በር ላይ ይታወቅ ነበር። ዛር ቤቱን ለማሞገስ አይደለም ይህን የምለው፤ ስንቱን የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ከመድኃኒት እንዳስቀረ መገመት አያዳግትም። ነገር ግን የመጠየቅ ጥበቡ፣ ለዝምታ ጆሮ መስጠቱ፣ ቤተሰቡን አጠገብ አስቀምጦ መመርመሩ፣ አሁን የሳይካትሪ ነርሶች እንደ አዲስ የሚማሩት ነገር ነው።

ዘመናዊው ሳይንስስ በአንድ ምልክት አልተሳሳተም? ከሁሉ የታወቀው ታሪክ የዴቪድ ሮዘንሃን ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ ስምንት ጤነኛ ሰዎች 12 የአሜሪካ ሆስፒታሎች ሄደው ድምፅ እንሰማለን ከማለት በቀር ምንም ሳይሉ አልጋ እንደያዙ፣ ከአንድ በቀር ሁሉም በስኪዞፍሬኒያ እንደተመዘገቡ ተረከ። ጋዜጠኛዋ ሱዛና ካሃላን እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣችው መጽሐፍ ታሪኩ ራሱ ብዙ ቀዳዳ እንዳለበት አሳይቷል። ሆኖም ያነሣው ጥያቄ ሙያውን አስደንግጦ ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የአሜሪካኖቹ የአእምሮ ሕመሞች መዝገብ ለየሕመሙ የምልክት ዝርዝርና የጊዜ ገደብ አበጀ።

ዝርዝሩም የራሱ ጣጣ አለው። ድባቴ ዘጠኝ ምልክቶች አሉት፤ ከነሱ አምስቱ ለሁለት ሳምንት መታየት አለባቸው፤ ከአምስቱ አንዱ የግድ የስሜት መጨለም ወይም ከነገር ሁሉ ጣዕም ማጣት መሆን አለበት። ወረቀት ይዛችሁ ብታሰሉት ይህን መስፈርት በ227 መንገድ ማሟላት ይቻላል። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ስም ተሰጥቷቸው የሚጋሩት ምልክት አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አንዷ አትተኛም አትበላም፣ ሌላው ሲተኛ ይውላል ሲበላ ያመሻል። ፍሪድና ኔሲ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 የ3,703 የድባቴ ታማሚዎችን መረጃ ሲበትኑት 1,030 የተለያዩ የምልክት ቅንብሮች አገኙ። ከዚህ በመነሣት ምልክትን የአንድ ድብቅ በሽታ ጥላ አድርጎ ማየት የማይበቃቸው አሉ። ደች የሆነው ዴኒ ቦርስቡም ምልክቶች እርስ በርስ ይጎታተታሉ ይላል፦ እንቅልፍ ማጣት ድካም ይወልዳል፣ ድካም ሥራ ያስፈታል፣ ሥራ መፍታት ራስን ያስወቅሳል፣ ራስን መውቀስ መልሶ እንቅልፍ ይነሣል። እኔ ይህኛው ሐሳብ ለደጋው ሕይወት የሚቀርብ ይመስለኛል፤ ሰንሰለቱን አንድ ቀለበት ላይ መበጠስ ይቻላል ማለት ነውና።

ዝርዝሩ ወደ ሰሜን ጎንደር ሲወጣ ሌላም ነገር ይገጥመዋል። ምግብ መቀነስ? በሃምሳ አምስት ቀን የዐቢይ ጾም ማን ያልቀነሰ አለ። ራስን በደለኛ ማድረግ? «እኔ ኃጢአተኛው» የዕለት ንግግር ነው። «ምነው ሞት በወሰደኝ» ማለትም እንዲሁ፤ ስለዚህ የምትመረምረው ነርስ አፍ አውጥታ «በራስዎ ላይ እጅዎን ሊያነሡ አስበው ያውቃሉ?» ብላ መጠየቅ አለባት። መጠየቁ ሐሳቡን አይዘራም። የሟች ልጅን ድምፅ በማጀት መስማት ኀዘን ነው እንጂ እብደት አይደለም። «ይከታተሉኛል» የሚለውን ፍርሃትስ እንዴት ይፈርዱታል? በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ዳባትና ደባርቅ አፋፍ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ነው። በእውነት የሚከታተሉት ሰው አለ።

እዚህ ላይ የሚያድነው ቤተሰቡ ነው። ቡዳ በልቶኛል ማለት በመንደሩ የጋራ እምነት ነውና ብቻውን የሕመም ምልክት ተብሎ አይጻፍም። ነገር ግን አንድ ልጅ «ቡዳው በቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ሐሳቤን ለሕዝብ እያነበበው ነው» ሲል፣ በቡዳ አጥብቀው የሚያምኑት አባት ራሳቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። «ኧረ ይኼስ ሌላ ነው» ይላሉ። ወሰኑን ከማንኛውም መዝገብ በላይ ያውቁታል።

አሁን እናቲቱ ገቡ። አንዲት ጎረቤት አብራቸው አለች።

«እማማ፣ ምንዎን ያምዎታል?»

«ራሴን ያቃጥለኛል። ልቤ ድው ድው ይላል። እንቅልፍ እምቢ አለኝ።»

ነርሷ ቶሎ አልጻፈችም። ነጠላቸውን ከአንገታቸው ዝቅ እንዲያደርጉ ጠየቀቻቸው፤ ከማተቡ በታች እንቅርት አለ። ምራቅ ዋጥ እንዲያደርጉ አደረገቻቸው፤ እብጠቱ አብሮ ወጥቶ ወረደ። በአዮዲን ድሀ በሆነው ደጋ እንቅርት ብርቅ አይደለም፤ በዕድሜ የቆየ እንቅርት አንዳንዴ ሆርሞን ከልክ በላይ ያመነጭና መቃጠልን፣ የልብ ምትን፣ እንቅልፍ ማጣትን እንዳለ ያመጣል። የተዘረጉት ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጡ እንደሆነ አየች፤ ብዙም አይደለም። ደም ታዘዘ። ውጤቱ እስኪመጣ ደግሞ ጥያቄው ቀጠለ።

ልጃቸው ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። አርባው ወጣ፣ ሰማንያው ወጣ፣ ሙት ዓመቱም ታስቧል። መዝገቡ የሚለው ሁለት ሳምንት እዚህ ምንም አይፈይድም፤ የአገሩ የኀዘን ቀን መቁጠሪያ ግን አልቋል፣ እሳቸው አልጨረሱም።

«ይከፋዎታል?»

«የማይከፋው ማን አለ?»

«ደስ የሚልዎ ነገር አለ?»

እማማ ጥያቄው የገባቸው አይመስሉም። ነጠላቸውን መልሰው አንገታቸው ላይ ጠመጠሙ። «ደስታማ የልጅ ነው» አሉ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ።

እስካሁን ዝም ያለችው ጎረቤት ወደ ፊት ጠጋ አለች።

«ከፋሲካ ወዲህ» አለች ለነርሷ፣ «አንድ ቀን ቡና አፍልታ አልጠራችንም።»